ሲምፕሰንስን እንግሊዝ ቲቪ ላይ የሚቆርጠው ማነው?

ዋቢ77፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን ከልጆቼ ጋር ዲዝኒ ፕላስ ላይ ሲምፕሰንስን ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምረን እያየን ነው። እኔ ለንደን ያደግኩት ይህን ካርቱን በቢቢሲ 2፣ ከዚያም በቻናል 4 እያየሁ ነው። ብዙውን ክፍል በቃሌ አውቀዋለሁ። አሁን ግን በየመሃሉ ፈጽሞ የማላውቀው ነገር ብቅ ይላል። እዚህ ጋ አንድ ስድብ፣ እዚያ ጋ አንድ ቀልድ፣ አንዳንዴ ሙሉ ትዕይንት። ልጄ "አባዬ፣ አይቼዋለሁ አላልክም ነበር?" እያለ ይስቅብኛል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ይህን ሲቆርጥብን የኖረው መንግሥት ነው ወይስ ጣቢያው? ደግሞስ ለአዋቂ የተጻፈ ቀልድ የሞላበትን ካርቱን ለምን ሁልጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ያስቀምጡታል? (በእኛ ሰዓት ነው የማወራው፣ እነሱ 6 የሚሉት። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ግን በፈረንጅ እንቁጠር፣ አለዚያ እንጣላለን።)

ሽሮ በቀጭኑ፦
ወንበር ይዤ ተቀምጫለሁ። ይሄ ክር ይረዝማል።

ገመዱ፦
ወንድም ዋቢ፣ እዚህ አገር አንድ ቲቪ ጣቢያ ውስጥ ፕሮግራም ክፍል ሠርቻለሁ። ስሙ ይቆየን። የማውቀውን ልንገርህ።

መንግሥት አይደለም። መንግሥት ቢሆንማ ቶኒ ብሌር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ2003 ለዚሁ ካርቱን የራሱን ድምፅ አይሰጥም ነበር። ኦፍኮም የሚባል ተቆጣጣሪ አለ። እሱም ቢሆን ፕሮግራሙን ቀድሞ አያይም፣ "ይሄን ቁረጡ" ብሎም አያዝም። ደንብ ያወጣል፣ ይጠብቃል። ከተላለፈ በኋላ ሰው ቅሬታ ሲያቀርብ መርምሮ "ደንቡ ተጥሷል" ወይም "አልተጣሰም" ይላል። ነገሩ ከከበደ ገንዘብ ይቀጣል።

ስለዚህ መቀሱ ያለው ጣቢያው እጅ ነው። ኮምፕሊያንስ የሚባል ክፍል አለ። ሥራቸው ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ደቂቃውንና ሰከንዱን ይመዘግባሉ፣ ይሄ ይውጣ፣ ይሄ ይቆይ ይላሉ። ሲጠራጠሩ ይቆርጣሉ፤ ማንም ሰው ብዙ በመቁረጡ ከሥራ ሲባረር አላየሁም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ዋተርሼድ የሚባለውን ሰምተህ ይሆናል። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ የአዋቂ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ልጅ ያያል ተብሎ ይታሰባል። ከ3 ሰዓት በፊት በጣም ከባድ የሚባለው ስድብ ጨርሶ አይፈቀድም። ቀለል ያለው በቂ ምክንያት ካለውና ካልተደጋገመ ያልፋል። ልጅ አይቶ ሊኮርጀው የሚችል አደገኛ ነገር፣ ዕፅ፣ ሲጋራ፣ መጠጥን የሚያሞግስ ነገር፣ ሁሉም የየራሱ አንቀጽ አለው። ያው ክፍል ከ3 ሰዓት በኋላ ቢተላለፍ ግን ምንም ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

እኔ የምለው እንግዲህ ይሄ ነው፦ 12 ሰዓትን የመረጠው ሰው መቀሱንም አብሮ መርጧል። ኮምፕሊያንስ ያሉት ልጆች እኮ ከሰዓቱ ጋር ተስማምተው ለመኖር ነው የሚቆርጡት። ተጠያቂው ሰዓቱን ያወጣው ነው።

ፒያሳ በለንደን፦
ገመዱ እውነቱን ነው። ግን 12 ሰዓት ከሰማይ አልወረደም፣ ታሪክ አለው።

አሜሪካ ውስጥ ሲምፕሰንስ ራሱን ችሎ የጀመረው በታኅሣሥ 1989 ነው፣ ፎክስ በሚባለው ጣቢያ። ፎክስ የሚዲያ ባለሀብቱ የሩፐርት መርዶክ ነበር። እዚህ ደግሞ ሰውየው በ1989 ስካይ የሚባል የዲሽ ቲቪ ከፍቷል። ሰው ዲሽ አልገዛ ብሎት ገንዘቡ እንደ ጉድ ይፈስ ነበር። ካርቱኑ በመስከረም 1990 ስካይ ዋን ላይ መጣ። ዓላማው ግልጽ ነው፦ ልጁ አባቱን እንዲነዘንዝ፣ አባቱም ዲሽ እንዲሰቅል።

ቢቢሲ መብቱን ገዝቶ በነፃ ማሳየት የጀመረው በኅዳር 1996 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ! ያውም ቢቢሲ 1 ላይ፣ ቅዳሜ አመሻሽ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ። የቤተሰብ ሰዓት ነው። ከመጀመሪያው ክፍልም አልጀመሩም፣ የገናውን ዘለውት ነው የተነሱት። ቅዳሜ ላይ አልሠራም። በ1997 የጸደይ ወራት ወደ ቢቢሲ 2 አዛወሩት፣ በሥራ ቀናት 12 ሰዓት ላይ። እዚያ ጋ ነው ነገሩ የያዘው። ትልቁ ቻናል ላይ የዜና ሰዓት ነው። ዜና የማይፈልግ ተማሪ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ወጣት፣ ከሥራ የገባ ሰው፣ ሁሉም ወደ ቢቢሲ 2 ይሄዳል። ያኔ 12 ሰዓት ማለት ሲምፕሰንስ ማለት ሆነ።

ታዲያ ስኑከር ሲመጣ ይጠፋል! ሚያዝያ ላይ የሼፊልዱ ውድድር፣ ከዚያ የዊምብልደን ቴኒስ። ሁለት ሰው ዱላ ይዞ ጠረጴዛ ሲዞር ስናይ እናመሻለን። እስካሁን ስኑከር አልወድም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

በ2002 ቻናል 4 መብቱን ከቢቢሲ ነጠቀ። በጊዜው የተዘገበው ዋጋ ለአንድ ክፍል 700,000 ፓውንድ ነበር። ቢቢሲ ማሳየቱን በግንቦት 2004 አቆመ፣ ቻናል 4 በኅዳር 5 ቀን 2004 ጀመረ። በመሃል ዲሽ የሌለው ሰው ጾሙን ዋለ። ቻናል 4 ሲጀምር አርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አሳየው፣ ለወግ ያህል። ወዲያው ግን ወደለመደው 12 ሰዓት ተመለሰ።

ማንችስተሯ፦
ፒያሳ፣ የዲሹን ነገር ስታነሳ ሳቄ መጣ። እኛ ቤት ዲሽ አልነበረም። ሰፈራችን ውስጥ ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ ይታወቃል፣ እዚያ ቤት ያለ ልጅ ጓደኛ አያጣም። የሚገርመው በ1991 መጀመሪያ ላይ የካርቱኑ ልጅ ባርት ሲምፕሰን የዘፈነው ዘፈን እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጥቶ ሦስት ሳምንት ቆይቷል። ካርቱኑን ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው! ቲሸርቱ አለ፣ ዘፈኑ አለ፣ ካሴቱ ከቪዲዮ ቤት ይመጣል፣ ፕሮግራሙ ግን የለም። ባርትን አብዛኛው ሰው ያወቀው እንደ ዘፋኝ ነው ማለት ይቻላል።

ስካይ ዋን ራሱ አልቆየም። በመስከረም 2021 ተዘጋ። ሲምፕሰንስ ወደ ስካይ ሾውኬስ ሄደ።

ዋቢ77፦
እናንተ ሰዎች ጎበዝ ናችሁ። ገመዱ፣ አንድ የተቆረጠ ነገር ምሳሌ ስጠን እስቲ። ምን ዓይነት ነገር ነው የሚያስፈራቸው?

ገመዱ፦
ሁለት ልስጥህ። ሁለቱም ከ9ኛው ሲዝን ናቸው። ያ ሲዝን ለኮምፕሊያንስ ሰዎች ራስ ምታት ነው።

የመጀመሪያው የካርቱኑ አባት ሆመር ሽጉጥ የሚገዛበት ክፍል ነው። አሜሪካ ውስጥ የታየው በኅዳር 1997 ነው። እዚያ ስለ ጦር መሣሪያ ክርክር ያለ ነገር ስለሆነ ብዙም አልደነቀም። እዚህ አገር ግን በመጋቢት 1996 ስኮትላንድ ውስጥ ደንብሌን በምትባል ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና መምህራቸውን ገድሏል። በ1997 ሽጉጥ ለግል መያዝ በሕግ ታገደ። ሆመር በዚያ ስሜት መሃል ሽጉጥ እንደ መጫወቻ እያወዛወዘ መጣ። ስካይ መጀመሪያ ክፍሉን ጨርሶ አላሳየውም። ቢቢሲ 2 ደግሞ አሳየው፣ ያውም ደጋግሞ።

ልብ በልልኝ። አንድ አገር ነው፣ አንድ ተመልካች ነው፣ ሁለት ጣቢያ። አንዱ ዘጋው፣ አንዱ ከፈተው። "መንግሥት ነው የሚቆርጠው" ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ደግሞ በ1999 ያው ክፍል ከሌሎች ሦስት ጋር በቪዲዮ ካሴት ወጣ። ርዕሱ ምን መሰለህ? "ለቲቪ የማይሆኑ" የሚል ዓይነት ነው። መታገዱ ራሱ ማስታወቂያ ሆነላቸው።

ሁለተኛው ሆመር የቆሻሻ ኃላፊ የሚሆንበት ነው፣ 1998 የወጣ፣ 200ኛው ክፍል። ዩ2 የሚባለው የአይሪሽ ባንድ እንግዳ ሆኖበታል። እዚያ ውስጥ "ዋንከር" የሚል ስድብ አለ። አሜሪካ ውስጥ ይህች ስድብ ማንንም አታስደነግጥም፣ ብዙው ሰው ምን እንደሆነች እንኳ አያውቅም። በ2000 እዚህ ተመልካቾችን ስለ ስድብ ጠይቀው ባወጡት ዝርዝር ላይ ግን በክብደት 4ኛ ናት። ከሷ በላይ ያሉትን ሦስቱን እዚህ አልጽፋቸውም፣ አወያዩ ያባርረኛል። እና በ12 ሰዓት ያንን ማሳለፍ አይታሰብም። ቻናል 4 አንድ ጊዜ ቀን ላይ ሳይቆርጥ አሳልፎት ጉዳዩ ኦፍኮም ድረስ ሄዷል።

አሜሪካኖቹ ጸሐፊዎች የእንግሊዝን ስድብ እንደ ጌጥ ነው የሚጠቀሙበት። የራሳቸውን ስድብ ፎክስ ይቆርጥባቸዋል፣ የእንግሊዙን ግን ዝም ብሎ ያሳልፍላቸዋል። ዕዳው እኛ ጋ ይመጣል።

ሽሮ በቀጭኑ፦
"ዕዳው እኛ ጋ ይመጣል" 😂 ገመዱ ዛሬም በቢሮው ስም ነው የሚያወራው።

እማዬ ነኝ፦
ሁላችሁም መቀሱን ትረግማላችሁ። እስቲ እኔም ልናገር።

12 ሰዓት ላይ እኔ የት ነኝ? ማድ ቤት። ልጆቹ የት ናቸው? ሳሎን፣ ብቻቸውን፣ ቲቪው ተከፍቶ። ያኔ ሪሞቱን ይዤ የምቆም ሰው አልነበርኩም፣ ወጥ አለ፣ የነገ ዩኒፎርም አለ፣ የማታ ሥራም ነበረኝ። 3 ሰዓት ሳይሞላ ቲቪው ላይ አደገኛ ነገር እንደማይመጣ ማወቄ ትልቅ እረፍት ነበር። ማንም እናት ኦፍኮም ምን እንደሆነ አታውቅም፣ 3 ሰዓትን ግን ሁሉም ያውቃል። "3 ሰዓት ሞላ፣ ግቡ" እንል ነበር።

አንድ ቀልድ ቢጎድል ምን ይሆናል? ልጁ ሲያድግ ያየዋል። ይኸው ዋቢ አደገ፣ አየው።

ገመዱ፦
እትዬ፣ በሰዓቱ ላይ አልተቃወምኩም። ዋተርሼድ ጥሩ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የምለው፣ ይህ ካርቱን መጀመሪያውኑ የሳሎን ልጆች ሰዓት ላይ መቀመጥ አልነበረበትም። ፎክስ ራሱ እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው የሚያሳየው፣ ያውም ለቤተሰብ ብሎ።

እማዬ ነኝ፦
ልጆቼ ግን ወደውታል። 2 ሰዓት ላይ ቢሆን አያዩትም ነበር። እንጀራ ከማጣት የተቆረጠ እንጀራ ይሻላል።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
ከአሜሪካ ሰላም። እዚህም ይቆረጣል እኮ! በምክንያቱ ግን እንለያያለን። የድሮዎቹ ክፍሎች ለየክልሉ ጣቢያ ሲሸጡ ከእያንዳንዱ ላይ ይቀነሳል፣ ለማስታወቂያ ቦታ ለመልቀቅ። ስድብ ስላለው አይደለም። ጥሩውን ቀልድ ያወጡና የመኪና ኢንሹራንስ ይተኩበታል። ሴራው ሳይጎዳ የሚወጣው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ እንዲሁ የገባ ትርፍ ቀልድ ነው። ሲምፕሰንስ ማለት ደግሞ ትርፍ ቀልዱ ነው።

ስለዚህ የእንግሊዙ ቁርጥ ቢያንስ ለሰው ታስቦ ነው። የኛው ለብር ነው።

ገመዱ፦
እህቴ ቨርጂኒያ፣ ያልሽው ነገር እዚህ ብዙዎች የማያስተውሉትን ነገር ያሳያል። አንድ ክፍል 22 ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረው 8 ደቂቃ አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ ነው። እዚህ ቢቢሲ ማስታወቂያ የለውም። እና ሲምፕሰንስ እዚያ 12 ሰዓት ላይ ይጀምርና 12:20 አካባቢ ያልቅ ነበር። የሚቀጥለው ፕሮግራም ግራ የሚያጋባ ሰዓት ላይ ይጀምር ነበር፣ እንግሊዞች ለምደውታል። መቁረጥ ቢኖር ለጊዜ ብለው አይደለም።

ቻናል 4 ንብረትነቱ የሕዝብ ነው፣ የሚኖረው ግን በማስታወቂያ ነው። በቀን አማካይ በሰዓት 7 ደቂቃ ማስታወቂያ ነው የሚፈቀድለት። በግማሽ ሰዓት ፕሮግራም መሃል ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ማቋረጥ የሚችለው። ካርቱኑ ግን የተሠራው ከአንድ በላይ ለሚያቋርጥ ጣቢያ ነው። ስታዩት አስተውሉ፦ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ሙዚቃው ይቆማል፣ ማስታወቂያ መጣ ስትሉ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ያ የአሜሪካ ማስታወቂያ ባዶ ቦታው ነው።

ለዚህም ነው የእንግሊዝ መቀስ የሚታየው። ለጊዜ ብሎ የሚቆርጥ ሰው የሚያምር ቦታ ይመርጣል። ስድብ የሚቆርጥ ሰው ግን ስድቡ ባለበት ነው የሚቆርጠው፣ በዓረፍተ ነገር መሃል ቢሆንም። ሆመር አፉን ከፍቶ ወዲያው ሌላ ቦታ ተቀምጦ ታዩታላችሁ።

ዋቢ77፦
እሱን አውቀዋለሁ! ሁልጊዜ ቲቪያችን የተበላሸ ይመስለኝ ነበር።

ፒያሳ በለንደን፦
ስለ ገንዘብ ከተነሳ የፒዛውን ነገር ዝም ብለን ልናልፍ ነው? ስካይ ላይ ያየ ሰው ያስታውሳል። ከ1998 ጀምሮ ለዓመታት ዶሚኖስ ፒዛ ስፖንሰር ነበር። ካርቱኑ ከመጀመሩ በፊት ፒዛ፣ በመሃል ፒዛ፣ ሲያልቅ ፒዛ። ሰዓቱ ደግሞ የእራት ሰዓት ነው። የሊቅ ሥራ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።

ኋላ ኦፍኮም በ2006 መጨረሻ ላይ አዲስ ደንብ አመጣ። ስብ፣ ጨውና ስኳር የበዛበት ምግብ ልጆች በብዛት በሚያዩት ፕሮግራም ዙሪያ እንዳይተዋወቅ የሚል ነው። ስካይ "ይሄ የልጆች ፕሮግራም አይደለም" ቢል አያዋጣውም። ደንቡ ፕሮግራሙ ለማን እንደተሠራ አይጠይቅም፣ ማን እንዳየው ነው የሚቆጥረው። ከተመልካቹ መሃል ከ16 ዓመት በታች ያሉት ድርሻ በሕዝቡ ውስጥ ካላቸው ድርሻ በ20 በመቶ ከበለጠ፣ በቃ፣ ታግዷል። የፒዛው ውል በዚሁ አከተመ።

ገመዱ፣ ይህ ያንተን ክርክር ያጠናክራል መሰለኝ። ልጆቹን የሰበሰባቸው 12 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ቀልዱን አስቆረጠ፣ ቀጥሎ ስፖንሰሩን አስቆረጠ።

ገመዱ፦
አሁን ተግባባን።

ሪያድ የኖረ፦
እናንተ አንድ ስድብ ጎደለ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ቁርጥ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ እኛ ኑ።

በ2005 ኤምቢሲ ሲምፕሰንስን በአረብኛ አቀረበው፣ በረመዳን። "አል ሸምሹን" ተባለ። ሆመር ዑመር ሆነ፣ ባርት በድር ሆነ። የዑመርን ድምፅ የሠራው ግብፃዊው ኮሜዲያን መሐመድ ሄነዲ ነው፣ ጎበዝ ተዋናይ ነው፣ እሱ ላይ ምንም የለኝም። ግን ቢራው ለስላሳ መጠጥ ሆነ። የአሳማው ነገር ጠፋ። መጠጥ ቤቱም የለም። እስቲ ከሆመር ላይ ቢራውንና መጠጥ ቤቱን አውጥታችሁ ምን እንደሚቀር ንገሩኝ። ሥራ የማይወድ ወፍራም ሰውዬ ብቻ። 52 ክፍል አዘጋጅተው 34ቱን ካሳዩ በኋላ ቆመ።

ያኔ አዲስ አበባም በዲሽ የሚያየው ነበር። ወንድሜ ደውሎ "ይሄ የምታወሩለት ካርቱን የታለ ቀልዱ?" አለኝ።

ሽሮ በቀጭኑ፦
ዑመር ሸምሹን 😂😂 ዛሬ እንቅልፍ የለም።

ማንችስተሯ፦
እንግሊዞቹም ስም መቀየር ይችሉበታል። የኤሊዎቹን ካርቱን አስታውሱ። አሜሪካ ውስጥ "ኒንጃ" ናቸው። እዚህ በ1990 ሲመጡ "ኒንጃ" የሚለው ወጥቶ "ሂሮ" ሆኑ። አንደኛው ኤሊ የሚወዛውዘው በሰንሰለት የተያያዘ ዱላ ደግሞ ከየቦታው ተቆረጠ። በዚያ ዘመን እዚህ ዱላው የተለየ ፍርሃት ነበረበት፣ ፊልም ላይም አይተርፍም። የሌላኛው ኤሊ ሰይፍ ግን አለ! ሰይፍ ይሁን፣ ዱላ አይሁን። ገመዱ፣ ይህን አስረዳኝ።

ገመዱ፦
የኩረጃ ጉዳይ ነው። ሰይፍ ልጅ ከየት ያመጣል? ዱላና ገመድ ግን ሁሉም ቤት አለ። ኮምፕሊያንስ "ምን ያህል ያስፈራል" ብሎ አይደለም የሚጠይቀው፣ "ነገ ጠዋት ልጁ ሊያደርገው ይችላል ወይ" ብሎ ነው። አሁንም ሰው ገደል ሲገባ ያሳልፉና ሹካ ሶኬት ውስጥ ሲገባ ይጨነቃሉ።

ዋቢ77፦
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ለምን ሁለቱንም አያደርጉም? 12 ሰዓት ላይ የተቆረጠውን፣ ሌሊት ላይ ሙሉውን።

ገመዱ፦
ተደርጓል፣ ለሌላ ፕሮግራም። ቢቢሲ 2 ቫምፓየር አዳኟን ልጅ፣ ባፊን፣ አመሻሽ ላይ ቆርጦ ያሳይና ሌሊት ላይ ሳይቆርጥ ይደግመው ነበር። አድናቂዎቹ ቪዲዮ ማጫወቻቸውን እያዘጋጁ ይተኙ ነበር። ቻናል 4 በ2000 ከዚሁ የተወለደውን ኤንጅልን 12 ሰዓት ላይ አስቀመጠው። ያ ፕሮግራም ግን ከሥሩ የማታ ነው። ቢቆርጡት ቢቆርጡት አላልቅ አለ። ተመልካች ተቆጣ፣ በመጨረሻ ወደ ሌሊት ተገፋ። እዚያ ጋ ነው መቀስ የተሳሳተ ሰዓትን ማስተካከል እንደማይችል ያየነው።

ሲምፕሰንስ ግን የተለየ ነው። ብዙው ክፍል ምንም ሳይነካ በ12 ሰዓት ያልፋል፣ ችግሩ ያለው ጥቂቶቹ ላይ ነው። ለጥቂቶቹ ብሎ ጣቢያ የሌሊት ሰዓት አይገዛም። የዕለት ፕሮግራም ደግሞ ወፍጮ ነው፣ በሳምንት አምስት ክፍል ይበላል። በሐምሌ የገና ክፍል ሲመጣ አይታችኋል አይደል? ማንም ቁጭ ብሎ አይመርጥም፣ በቁጥር ቅደም ተከተል ይሄዳል። አስቸጋሪ ክፍል ሲደርስ ይቆረጣል፣ መቆረጥ ካልቻለ ይዘለላል።

ፋሚሊ ጋይን ተመልከቱ። ቢቢሲ 3 ያንን ሲገዛ ማታ፣ ከ3 ሰዓት በጣም ዘግይቶ አስቀመጠው። ሳውዝ ፓርክም ቻናል 4 ላይ እንዲሁ። ማንም ስለ መቀስ አላወራም። ሦስቱም ካርቱን ናቸው፣ ሁለቱ ለአዋቂ ሰዓት ደረሳቸው። ሲምፕሰንስ ቀድሞ ስለመጣ "ካርቱን የልጅ ነው" በሚባልበት ጊዜ ነው ቦታ የተሰጠው። ከዚያ በኋላ ያንን ቦታ ማንም አልነካውም፣ ምክንያቱም ይሸጣል።

እማዬ ነኝ፦
እኔ አሁን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። የልጅ ልጆቼ ቲቪ በሰዓት አያዩም። ዲዝኒ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የፈለጉትን ይከፍታሉ። እዚያ 3 ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ልጄ "እማ፣ የልጆች ፕሮፋይል አለው፣ ፒን አለው" አለችኝ። ፒኑን የስድስት ዓመቱ ልጅ ያውቀዋል፣ እኔ ነኝ የማላውቀው።

ፒያሳ በለንደን፦
እትዬ፣ ሕጉም አሁን ነው እየደረሰበት ያለው። በ2024 በወጣው የሚዲያ ሕግ ኦፍኮም ለትልልቆቹ የኢንተርኔት ቲቪዎችም ደንብ እንዲያወጣ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ግን ሰዓት ይመለሳል ብለው አይጠብቁ። እነዚህ ላይ የሚሆነው የዕድሜ ምልክት፣ ማስጠንቀቂያና ፒን ነው። ዲዝኒም ቢሆን ሁሉም አለው ማለት አይደለም። ማይክል ጃክሰን ድምፁን የሰጠበት ክፍል በ2019 በራሳቸው በአዘጋጆቹ ተነስቷል፣ እዚያ አታገኙትም። ያንን ኦፍኮምም ሰዓትም አልቆረጠውም።

ሽሮ በቀጭኑ፦
ታዲያ ሙሉውን ማየት የፈለገ ሰው የድሮውን ዲቪዲ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት የቻሪቲ ሱቅ ይግዛ ነው የምትሉን? ሰፈሬ ያለው ሱቅ ውስጥ ሞልቷል፣ በሳንቲም ነው የሚሸጡት።

ገመዱ፦
ግዛ። ዲቪዲ ሰዓት የለውም፣ የዕድሜ ምልክት ተለጥፎበት ይወጣል እንጂ ለ12 ሰዓት ተብሎ አይቆረጥም። በ9ኛው ሲዝን ጀምር፣ የሽጉጡም የዩ2ውም ክፍል እዚያው ሳጥን ውስጥ ናቸው። ዲስኮቹ ሁሉም መኖራቸውን ከሱቁ ሳትወጣ አረጋግጥ፣ ሁልጊዜ አንዱ ይጎድላል።